ሁለት ኪሎ የሚሸከም መኪና

ወጣቷ ሴት በሪሞት የሚነዳ አሻንጉሊት መኪና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ የባትሪውን ማገናኛ በወፍራም ቀይርልኝ። ሁለት ኪሎ ተሸክሞ መሀል ላይ መቆም የለበትም» አለችው።

ጠጋኙ መርዕድ ጠረጠራት። «ምን ሊሸከም ነው፣ እህቴ?»

«ዕቃ።»

«ራስሽ ብታደርሺውስ?»

«እኔ መጠጋት አልችልም።»

ፈንጂ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጣበት። ትልቁን ማገናኛ አንስቶ፣ መኪናው ትንሽ እንደሄደ እንዲላቀቅ ሽቦውን ሆን ብሎ ለይምሰል በየደው።

መኪናውን ስትቀበለው ፊቷ በራ። «ተባረክ! ባለቤቴ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ብቻውን ተኝቷል። እኔ ደግሞ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ሐኪሙ እንዳልጠጋው ከልክሎኛል። ምግብና ውሃውን በዚህ ነው የማደርስለት።»

መርዕድ ከሶኬት የነቀለውን የብየዳ ካውያ መልሶ ሰካ።

«እስቲ አንዴ መልሺልኝ» አላት።