ዝናብ የማይነካት ብስክሌተኛ

ጎደሊቭ በመጋረጃ ፋብሪካው የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን በራሷ ትግል ያስገኘችው አንድ ነገር ቢኖር የብስክሌት አበሉ ነው። በብስክሌት ለሚመጣ ሠራተኛ ፋብሪካው በኪሎ ሜትር እያሰበ ይከፍላል፤ መንግሥትም ከዚያ ላይ ግብር አይቆርጥም። አለቃዋን ለማሳመን ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። «ሰዉ ቢዋሽስ?» ሲላት፣ «ዋስ እኔ ነኝ» አለችው።

ደንቡ ቀላል ነው። ብስክሌተኛው በወሩ መጨረሻ ከቤቱ እስከ ፋብሪካው ስንት ቀን እንደ ነዳ ይጽፍና «በክብሬ» ብሎ ይፈርማል። ማንም አይቆጥርም፣ ማንም አይከተልም። በስኬልደ ወንዝ ዳር ባሉ ከተሞች ደግሞ በክብሬ ብሎ ፈርሞ የዋሸ ሰው ከሌባ አይሻልም።

የዚያ ዓመት ኅዳር ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላባራም። የፋብሪካው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውኃ በሚያንጠባጥብ ጃኬት ተሞላ። ከብስክሌተኞቹ አንዷ የሆነችው አኔሊን ግን በየጠዋቱ ሥራዋ በሚጀምርበት በሦስት ሰዓት ጠጉሯን አበጥራ፣ ደረቅ ቀሚስ ለብሳ ከች ትላለች። ቤቷ አቬልኸም ነው፤ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር።

ነገሩን መጀመሪያ ያነሳው ጽዳቱንም ጥበቃውንም የያዘው ሽማግሌው ፊርሚን ነው።

«የዚህች ልጅ ዝናብ የት ነው የሚዘንበው?» አላት ጎደሊቭን።

«ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ ነዋ የምትገባው!»

«የት ታጥባ? መታጠቢያውን የማጸዳው እኔ አይደለሁም እንዴ? አንድ ቀን እንኳ በሩን ከፍታው አታውቅም። ብስክሌቷን በሰው መኪና ጭና እየመጣች እንዳይሆን!»

ጎደሊቭ ደነገጠች። አኔሊንን ያስቀጠረቻት እሷ ናት። እሑድ እሑድ ምሳ ቤቷ ትጋብዛታለች፤ እህት ስለሌላት እንደ እህት ነው የምታያት። ደግሞ ዓርብ ቅጾቹን ለአለቃዋ ታስረክባለች። ውሸት ካለና ዝም ካለች፣ በኋላ ሲደረስበት የአርባ ሰው አበል ይቀራል። ከተናገረች ደግሞ አኔሊን ትባረራለች።

ለእራት ሲቀመጡ ለባሏ ለዋርድ ነገረችው። ዋርድ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ከክረምቱ ወዲህ ወገቤን እያለ ሱቁን የሚከፍተው ረፋድ ላይ ነው። ስለ ፋብሪካው ወሬ ጆሮ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ያን ማታ ግን ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ተከራከራት።

«ተይ እባክሽ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ።»

«ዋሱ እኔ ነኝ እኮ!»

«እሺ፣ ብታገኚባትስ? የገዛ ጓደኛሽን ልታስባርሪ ነው?»

«ከዋሸችኝ ምን ጓደኛ አለኝ!» አለች ጎደሊቭ፤ እንባዋም መጣ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ከአኔሊን ፊት ተቀመጠች።

«መንገዱ እንዴት ነው ሰሞኑን?»

«አይነሳ! ነፋሱ ፊት ለፊት፣ ጭቃው እስከ ጉልበት። ዛሬማ አንዱ ዝይ ሊበላኝ ነበር፤ ብታዪኝ በሳቅ ትሞቺ ነበር!»

«ታዲያ እንዴት አልረጠብሽም?»

አኔሊን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጥሩ ካፖርት አለኝ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለካ እንዲህ ሲሆን ነው። ጎደሊቭ ዳቦውን ወደ ጎን ገፋችው። የሆነ ወዳጅ በመኪና እያመጣት፣ ጥግ ላይ እያወረዳት እንደሆነ ልቧ ነገራት። ግን ባላየችው ነገር የሰው እንጀራ አትዘጋም፤ በዓይኗ ለማየት ወሰነች።

ሐሙስ ጠዋት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብላ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠየቀች። ለዋርድ ምንም አልነገረችውም፤ እንደ ወትሮው ከአንድ ሰዓት በፊት ከቤት ወጣች። ብስክሌቷን ይዛ የወንዙ ዳር መንገድ ከተማው ውስጥ ወደሚገባበት ድልድይ ሄደችና ከሥሩ ቆመች። ከአቬልኸም በብስክሌት የሚመጣ ሰው በዚያ ሳያልፍ አይገባም። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። በልቧ አኔሊንን ሰደበቻት፤ ራሷንም ሞኝ ብላ ሰደበች።

ከዚያ አንዲት ብስክሌተኛ አንገቷን ደፍታ፣ ነፋሱን እየታገለች ብቅ አለች። እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። ከጠጉሯ ውኃ ይወርዳል። አኔሊን ነበረች!

አሥራ ስድስቱም ኪሎ ሜትር እውነት ነበር። ጎደሊቭ በሐፍረትም በደስታም አለቀሰች። ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ አኔሊን ግን ሳታያት እየበረረች አለፈች። ደርሼ ይቅርታ ልጠይቃት፣ አንገቷን ላቅፋት ብላ በብስክሌቷ ተከተለቻት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ሲደርሱ ፋብሪካው ወደ ቀኝ ነው። አኔሊን ወደ ግራ ታጠፈች፤ ጎደሊቭ ቤት ወዳለበት ጎዳና። «ልታየኝ ነው!» አለች ጎደሊቭ በልቧ። «በምሳው ነገር ተቀይማ አላደረችም፤ ፈቃድ መውሰዴን ሰምታ ይሆናል፤ ገና ከቤት ያልወጣሁ መስሏት ልትታረቀኝ ነው የምትመጣው።» ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ረገጠች።

አኔሊን ደወሉን መጫን እንኳ አላስፈለጋትም፤ ዋርድ ደረቅ ፎጣ ዘርግቶ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።