የሞረድ ጭረት

ስለ እጅ ጽሕፈቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፤ ግድፈቱም ብዙ ነው። አስተማሪዬ ወይዘሪት ሎዘ ሰባት ዓመት ሙሉ እጄን በማስመሪያ ብትመታኝም ጽሕፈቴ አልቀናም። በአሥራ አራት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጣሁ። ታሪኩ የአያቴ ነው። እኔ ያለሁበት ቦታ ላይ «ቲሊ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ «እኔ» ማለት ያሳፍረኛል።

አያቴ ሌበሬክት ፎግት ከፈረንሳዩ ጦርነት የብረት መስቀል ተሸልመው ወደ ሉደንሻይድ ሲመለሱ ሃያ ዓመታቸው ነበር። አሁን ሰባ ስምንት ሞልቷቸዋል፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። መስቀሉ ጥቁር ብረት ነው፤ ዙሪያው ደግሞ የብር ጠርዝ። ጠርዙን በአንድ በኩል ጥይት ቦጭቆታል። ሌበሬክት አውራ ጣታቸውን በዚያች ቡጭቅ ላይ እያሻሹ ማሰብ ይወዳሉ።

የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር። የዘማቾች ማኅበር አባሉን ሲቀብር ባንዲራ ይይዛል፣ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፣ ከበሮ ይመታል።

«ከበሮውን ስሰማ ነው አርፌ የምተኛው» ይላሉ።

«በሕይወትህ የማትሰማ ደንቆሮ፣ ሞተህ ልትሰማ ነው?» ይሏቸዋል ቡርክሃርት ቲለ።

ቲለ የእሑድ የካርታ ጓደኛቸውና የማኅበሩ አባል ናቸው። በሃሰልባኽ ወርክሾፕ አርባ ዓመት ብር ሲሞርዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ግራኝ ስለሆኑ በማዕድ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሁሉ በክርናቸው እየተደቆሰ ነው የሚበላው።

በፀደዩ መግቢያ የመስቀሉ ማንጠልጠያ ቀለበት ላላች። ቲሊ እዚያው ሃሰልባኽ ዘንድ የልብስ ቁልፍ ጆሮ ትበይድ ስለነበር አያቷ ሰኞ ጠዋት ሰጧት።

«በእሳት ትንሽ ነካ አድርጊልኝ። አጽጂውም፤ እንደ ሙሽራ ይብራ።»

«እሺ፣ አባባ።»

ሃሰልባኽ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ነው። በአባቱ ጊዜ የሜዳይ ብር ይታተምባቸው የነበሩት የብረት ቅርጾች ሳይቀሩ ምድር ቤት ውስጥ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው ተደርድረዋል።

መስቀሉ ቅዳሜ ተመለሰ። ቲሊ አውራ ጣቷን በጨርቅ አስራ ነበር፤ የድንች ሾርባዋንም አልነካችም። ሌበሬክት መስቀሉን ዳሰሱት።

«ቡጭቋ የት ሄደች?»

«ሞረድኳት፣ አባባ። ኮትዎን እንዳትቀድ ብዬ።»

«እዩልኝማ! ፈረንሳይ የሰጠችኝን አንድ ስጦታ ሞረደችብኝ!» ብለው ሳቁ።

በበጋው ዶክተር ዛይድለር መጡ። የሠሪ ምልክት የሌላቸውን አሮጌ ሜዳዮች መርምረው የትኛው ወርክሾፕ እንደሠራቸው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የከተማው ሰው መሳቢያውን ገልብጦ በማኅበሩ አዳራሽ ተሰለፈ። ከሁሉ ፊት የቆሙት ሌበሬክት ነበሩ።

«ዕድሜ ልኬን ይዤው ዞርኩ፤ ማን እንደወለደው ግን አላውቅም።»

ዶክተሩ በአጉሊ መነጽር ብዙ ቆዩ።

«ጠርዙ የታተመው በሃሰልባኽ አሮጌ ቅርጽ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ከተደረደሩት እንክብሎች ከታች አንዷ ግማሽ ናት፤ ይህ ጉድለት የሌላ የማንም አይደለም።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

«ብሩ ግን ዓመትም አልሞላው።»

ጭብጨባው ቆመ።

«ብረቱስ?» አሉ ሌበሬክት።

«ብረት ከየትም ይገኛል። በዚያ ላይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።» ዶክተሩ መስቀሉን ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። «የሞረዱን ጭረት ተመልከቱ። በተቃራኒው ያጋደለ ነው። በቀኙ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይሞርድም። ሠሪው ግራኝ ነው።»

የሁሉም ዓይን አንድ ቦታ ላይ አረፈ። ቲለ ቢራቸውን ይዘው ነበር። ቀስ ብለው ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩት።

«እኔ? ከወርክሾፑ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው!»

«የወርክሾፑን ቁልፍ መልሰሃል?» አለ አንዱ ከኋላ። ሌሎቹ ሳቁ።

«የልጅ ልጄ ናት የጠገነችው! ጥይት የነካው ቦታ ነበረው፣ እሷ ሞረደችው፣ ጠይቋት!» አሉ ሌበሬክት።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ቲሊ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ምኑን ነው የሠራሽው?»

ቲሊ ጫማዋን አየች። «ቀለበቷን» አለች። ቀጥሎ የምትለው ነገር ነበራት፤ እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«ሰማችሁ፤ ቀለበቷን።»

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፤ የሁለቱም ሽማግሌዎች ስም ከማኅበሩ መዝገብ ተሰርዟል። እሑድ ቲለ እንደ ልማዳቸው ካርታቸውን ይዘው መጡ። ሌበሬክት በሩ ላይ ቆሙ።

«ቡርክሃርት፣ የኔን የት አደረስከው?»

«ምኑን?»

«መስቀሌን። ቤቴ የምትገባው አንተ ብቻ ነህ።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ አብሬህ ተቀምጬ... አንተ ሽማግሌ ፍየል፣ ይህን ለኔ ትላለህ?»

ቲለ ካርታውን ደፉ ላይ በትነው ሄዱ። ቲሊ ከኋላ ሆና አንድ በአንድ ለቀመችው።

ሌበሬክት ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገሩም። አውራ ጣታቸው ብቻ የኮታቸውን ደረት እያሻሸ የሌለችውን ቡጭቅ ይፈልግ ነበር። በኅዳር ሞቱ።

ባንዲራ አልነበረም፤ ተኩስም። ቄሱ ብርድ ስለነበር አሳጠሩት። ቲለ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር፤ በግራ እጃቸው ጣቶች የአጥሩን ብረት ይመታሉ፤ ሦስት፣ ደግሞ ሦስት፣ እንደ ከበሮ። ቲሊ ወደሳቸው ልትሄድ አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች።

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ይህ ነው፤ የመስቀሉ ብር እሳቱ ላይ ቀልጦብኝ ነበር፤ ወይዘሪት ሎዘም ሰባት ዓመት ሙሉ በማስመሪያ የመታችኝ ግራ እጄን ነበር።