ለቅሶ ደራሹ ቆርቆሮ

አዲሱ ሕግ የወጣ ዕለት አንዳርጌ ደስታውን አልቻለውም። ሕጉ፣ በፋብሪካ የሰው ሥራ የወሰደ ሮቦት የሰውየውንም የዕድር ግዴታ ይወጣል ይላል። ሰበታ በሚገኝ የውሃ ፋብሪካ አንዳርጌ የጠርሙስ ክዳን ሲያጠብቅ የኖረበትን ቦታ የቀማው ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወዲህ በእሱ ስም ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ይሸኛል። አንዳርጌ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል።

«እሰይ! ፀሐይ ላይ ከመገተር ተገላገልኩ» ይል ነበር።

ዛሬ እናቱ ሞቱ።

ድንኳኑ ወዲያው ተተከለ። አግዳሚዎቹ ላይ የጎረቤቶቹ ሮቦቶች በመስመር ተቀመጡ። የብስኩት ፋብሪካው ሮቦት ንፍሮውን በላስቲክ እያሸገ ያድላል። ከሰው ወገን ብቅ ያሉት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ምትኩ ብቻ ናቸው።

«ሁሉም ተገኝቷል፤ የሚቀጣ የለም» አሉ በኩራት። ከዚያ አንዳርጌን አዩት። «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሮቦትህ ተቀምጦልህ የለም እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እናቴ ናት እኮ!»

«እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ሰዓታቸውን አይተው ውልቅ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ከየጎረቤቱ ቤት «ጎል!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አንዳርጌ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ይኼኔ የራሱ ሮቦት ተነስቶ አጠገቡ መጣ። ማጽናናት ማንም አላስተማረውም፤ ከፋብሪካው የተማረው አንድ ሥራ ብቻ ነው። የአንዳርጌን ጭንቅላት ከላይ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ አጠበቀው።

ሌላ የሚነካው እጅ አልነበረምና፣ አንዳርጌ አንገቱን ሰጠው።