ጥንዱ የጠፋበት ስኪ

ደምሰው ኦስሎ ባለው ሱቁ ውስጥ የተደረደረውን የጀማሪ ስኪ ሁሉ ለአንዲት ደንበኛ አወረደላት። «እህቴ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት ቀልድ አይደለም። ለስላሳውን ውሰጂ፤ ለአገሬ ልጅ እቀንሳለሁ።»

«ጀማሪ መሆኔን ማን ነገረህ? ሦስተኛ ክረምቴ ነው፤ ዘንድሮ ያስተማረኝንም ሰው ቀድሜዋለሁ» አለችና ጥግ ላይ የቆመውን ጠንካራ ስኪ ሳበች።

«እሱማ ጥንዱ ጠፍቶበታል፤ ለማሳያ ነው ያቆምኩት።»

«እንግዲያው በግማሽ ዋጋ ስጠኝ።»

ሳቀባት። «አንዱን ብቻ ምን ልታደርጊው? ግድግዳ ላይ ልትሰቅይው ነው?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የግራ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና ሰው ሠራሽ እግሯን ፈታ ባንኮኒው ላይ አጋደመችው።

«ይሄኛው እግሬ ስኪ አይወድም» አለችው። «በል ዋጋውን ጨርስልኝ።»