የጨው ገበያው ምስክር

ሰባኪው በአዱሊስ ወደብ የጨው ገበያ መስበክ ከጀመረ ከርሟል፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ስለ መስቀሉ ሲናገር ነጋዴዎቹ ጨዉን በምላሳቸው እየቀመሱ ዋጋ ይከራከራሉ። ስለ ትንሣኤው ሲናገር አንዱ ግመሉን እየጎተተ «ዞር በል እስቲ!» ይለዋል። ለድንጋይ ቢሰብክ ይሻለው ነበር።

ከጨው ክምሩ ሥር የሚንፈራገጥ ጋኔን ያደረበት ሰው ብቻ ይጮህለታል።

«ሰዎች፣ ስሙት! የሚለው ሁሉ እውነት ነው! ጌታውን አውቀዋለሁ!»

ያን ጊዜ ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከቦ ይቆማል፤ እብዱን ለማየት።

ሰባኪውን የአምላኩን ክብር ከጋኔን አፍ መስማት አንገሸገሸው። አንድ ቀን ስብከቱን አቋርጦ ሄደና የሰውየውን ራስ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አፍህን ዘግተህ ውጣ!»

ሰውየው አረፋ ደፍቆ ተዘረረ። አንዳች ነገር እንደ ነፋስ ከላዩ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ሄደ። ገበያው በሙሉ ክርክሩን ትቶ ቆመ። «አሁንስ ያምናሉ!» አለ ሰባኪው በልቡ።

ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሣና አቧራውን አራገፈ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለ በትሕትና፤ «እባክዎ ከቆሙባት ቦታ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ከመታመሜ በፊት ጨዌን የምዘረጋው እዚያ ነበር።»

ሰዉ ስቆ ወደ ክርክሩ ተመለሰ።

ሰባኪው ብቻውን ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረና፣ ማንም እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተመለስ» አለ።