ጭረቱ ጋ የምትቆመው ማጫወቻ

ድው!

ሽማግሌው የሱቁን የጣውላ ወለል በተረከዛቸው መቱት።

መደርደሪያው ላይ ያሉት የሙዚቃ ሸክላዎች ተንቀጫቀጩ... ዕቃ የሚመርጠው ሰው ሁሉ ዞር አለ።

"አባዬ! ምን ሆነሃል? ሰው እያየን እኮ ነው!" አለች ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ።

"ይየና! ተደብቄ መጣሁ እንዴ?"

ከቤት ያመጡት የተጫረ ሸክላ አዲሷ ማጫወቻ ላይ ይዞራል። መርፌዋ ጭረቱ ጋ ስትደርስ ተይዛ ቀርታለች...

"ነይ እንጂ... ነይ እንጂ... ነይ እንጂ..."

ሽማግሌው ደገሙት። ድው! መርፌዋ ግን ወይ ፍንክች።

"ፋዘር፣ በከንቱ አይድከሙ" አለ ባለሱቁ በኩራት። "የቆመችበት ጎማ ልዩ ነው። ቤቱ ቢናወጥ እሷ አትነቃነቅም!"

"እሱ ነዋ ችግሩ! በል አንሳት።"

ባለሱቁ ግራ ገባው። ከሷ በፊት ያሳያቸው ማጫወቻ ጭረቱን ምንም ሳይመስላት አልፋው ነበር... እሷንም "አትሆንም" ብለዋታል።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። ከሥራ አስፈቅዳ የመጣችው ለአባቷ ምርጡን ማጫወቻ ልትገዛላቸው ነው።

ደስ ብሏት ግን አይደለም።

እናቷ ሁሉን ነገር ከረሱ ቆይተዋል። በመጨረሻ ደግሞ ንግግርም ተዉ። ቀኑን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ማየት ነው... ባል ቢመጣ፣ ልጅ ቢመጣ፣ ዞር ብለው አያዩም። ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም።

እና አባት በዚህ መሃል ድንገት ተነስተው "ወደ ሸክላ ልመለስ ነው" አሉ።

'እማዬ እንዲህ ሆና የሱ ነገር ሙዚቃ!' ብላ በሆዷ ተቀይማቸዋለች።

"እሺ፣ ቢያንስ ያልተጫረ ሸክላ ልግዛልህ?"

"ይሄው ይበቃኛል።"

"አባዬ፣ ተበላሽቷል እኮ!"

"እኔስ ደህና ነኝ ብለሽ ነው?" አሉና ወደ ሱቁ ጥግ አዘገሙ።

እዚያ ክዳኗ የተሰነጠቀ፣ አቧራ የለበሰች ቀላል ማጫወቻ ተቀምጣለች።

"እሷን ይተዋት ፋዘር" አለ ባለሱቁ አፍሮ። "ለጌጥ ነው ያስቀመጥኳት። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ መርፌዋ ትዘላለች።"

የሽማግሌው ዓይን በራ።

"እስቲ ክፈታት!"

"ነይ እንጂ... ነይ እንጂ... ነይ እንጂ..."

ድው!

መርፌዋ ዘለለች... ዘፈኑ ቀጠለ።

"ይቺን ነው የምፈልገው!" አሉ።

ልጅቷን ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሃል አሮጌውን መምረጣቸው አናዷት፣ መንገዱን ሙሉ አኩርፋ ሄደች።

ቤት ሲደርሱ እናት እንደ ወትሮው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የስፌት መኪናቸው አለች፣ ጨርቅ ለብሳ። በደህናው ጊዜ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ያለበሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ።

አባት ማጫወቻዋን ከስፌት መኪናዋ ጎን፣ የጣውላው ወለል ላይ በቆመችው ጠረጴዛ አስቀመጡ።

ሸክላው ዞረ... ዘፈኑ ቤቱን ሞላው።

እናት መስኮቱን እያዩ ነው። ምንም የለም።

መርፌዋ ጭረቱ ጋ ደረሰች።

"ነይ እንጂ... ነይ እንጂ... ነይ እንጂ..."

ልጅቷ ልታነሳት እጇን ስትዘረጋ አባት ያዟት።

"ተያት።"

"አባዬ፣ ያስጠላል..."

"ተያት አልኩሽ፣ የኔ ልጅ። እባክሽ።"

አባቷ "እባክሽ" ሲሉ ሰምታ አታውቅም።

"ነይ እንጂ... ነይ እንጂ..."

ድው!

ልጅቷ ወደ አባቷ እግር አየች። አልተነቃነቀም።

ወለሉን የመቱት እናቷ ናቸው።

ዘፈኑ ቀጠለ። የእናት እጆች ጭናቸው ላይ ጨርቅ እንደያዘ ሰው ወደፊት ወደፊት ይሉ ጀመር።

"አንተ ሰውዬ... ይቺን ነገር አሁንም አላሠራሃትም?" አሉ።

ልጅቷ ክው አለች። የእናቷን ድምፅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

እናት ገና አልጨረሱም።

"ደግሞ ድንቡሼን እንዳትቆጣት... ሸክላውን በመቀሴ ስትጫወት ነው የጫረችው። ልጅ ናት።"

ድንቡሼ...

እናቷ ከታመሙ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም። ያን ጭረት ያወጣችው እሷ መሆኗንም እስከዚያች ደቂቃ የነገራት አልነበረም። እናቷ እግር ሥር ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

"ስትሰፋ ሁለቱም እጇ በጨርቅ ተይዞ ነው የሚውለው" አሉ አባት እንባቸውን እየጠረጉ። "ሸክላው እዚያች ቦታ በተያዘ ቁጥር ከመቀመጫዋ ሳትነሳ በእግሯ ድው ታደርግና ሥራዋን ትቀጥላለች። ስንት ዓመት! እኛን ብትረሳን እንኳ እግሯ ይረሳል ብዬ ማመን አቃተኝ።"

"ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?"

"ባይሆንስ? የኔ አንሶ አንቺንም ተስፋ ላስቆርጥ?"

እናት ዳኑ ብለን አንዋሻችሁም። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ መስኮታቸው ዞረዋል።

ግን ከዚያ ወዲህ ድንቡሼ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሸክላውን ትከፍታለች፤ ትንፋሿን ውጣ ጭረቱን ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ዝም ነው... አንዳንድ ቀን ግን ድው!

እናንተዬ... የሰው ልጅ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ስም ጠፍቶ፣ መልክ ጠፍቶ፣ ፍቅር እግር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል!

ወላጆቻችሁ "ይሄን አሮጌ ነገር አልጥልም" ሲሉ ለመሳቅ አትቸኩሉ። እናንተ ጉድለቱን ታያላችሁ፤ እነሱ በዚያ ጉድለት በኩል የሚያዩት ሰው አላቸው።

እስቲ እናንተም አጫውቱን... በናንተ ቤት የተሰነጠቀ፣ የተጫረ ወይም የሚንቋቋ ሆኖ፣ በአዲስ ለውጡት ብትባሉ እምቢ የምትሉት ዕቃ የቱ ነው? ማንንስ ያስታውሳችኋል?