ባዶ ነው?

ጠመንጃ ጠጋኙና ታናሽ ወንድሙ አንድ ልማድ ነበራቸው። የጠመንጃ ምላጭ ስበው ከመሞከራቸው በፊት አንዱ «ባዶ ነው?» ይላል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ አይቶ «ባዶ ነው» ይላል። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ጠያቂም መላሽም ራሱ ሆነ። መቼስ ብቸኝነት ሰውን ያሰንፋል፤ ማየቱንም ከተወው ቆይቷል።

ዛሬ ለአንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ አዲስ ምላጭ ገጠመ። አፈሙዙን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዞረ፤ ከማዶ የጎረቤቱ የልብስ ስፌት መኪና ይንኳኳል።

«ባዶ ነው?» አለ፣ ጣቱን ምላጩ ላይ አሳርፎ።

«አይደለም፣ ወንድም ጋሼ።»

ክው አለ። የጠመንጃውን መዝጊያ ቀስ ብሎ ሲስበው አንዲት ጥይት እግሩ ሥር ወደቀች።

ከዚያ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ እየፈራም እየጓጓም፣ «አሁንስ?» አለ።

የወንድሙ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማ፤ ጎንበስ ያለ ሰው ትንፋሽ ጆሮውን ነካው።

«አሁን ባዶ ነው።»